ሆድ ይፍጀው

«የሥራ ባልደረባዬ ሰላም አላለችኝም» ብሎ ካርድ ያወጣ በሽተኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ራሴን ፈለጠኝ፣ ጨጓራዬ ተነሣብኝ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ግፊቴ ከፍ ብሏል ብሎ የሚሰለፍ ግን በየጤና ተቋሙ ሞልቷል። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ሰላምታ ወደሚነፈግበት፣ አፉን ሲከፍት ወደሚገለመጥበት፣ ሥራው ሳይነገረው ወደሚነጠቅበት ቢሮ በየጠዋቱ እንደሚመላለስ ካርዱ ላይ አይጻፍም።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ነርሶችን ስለሚያስተምሩ ነርሶች ነው። ከሌላው ሥራ ሁሉ እነርሱን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ደብረ ታቦር የጤና ሳይንስ ኮሌጅም ዩኒቨርሲቲም ያላት ከተማ ናት። እዚያ የሚማሩ ልጆች ነገ በእብናት፣ በፋርጣ፣ በላይ ጋይንት፣ በስማዳ መርፌ የሚወጉን፣ ቁስላችንን የሚያጥቡልን፣ ምጥ የያዛትን እኅታችንን እጇን የሚይዙ ናቸው። እነርሱን የሚያስተምር ሰው በምን ሁኔታ ውሎ ቤቱ እንደሚገባ ማወቅ የሁላችንም ጉዳይ ነው።

አንዲት እኅት አለች። ተወልዳ ያደገችው እብናት ነው። በልጅነቷ ከእናቷ ጋር ጤና ጣቢያ ስትሄድ ነጭ ጋውን የለበሰችውን ሲስተር አይታ «እኔም እንደ እርሷ እሆናለሁ» አለች፤ ሆነችም። ዲፕሎማዋን ይዛ ገጠር ሠራች፣ ዲግሪዋን ጨመረች፣ ከዚያም በደጋው ካሉት ከተሞች በአንዱ ማስተማር ጀመረች። ስሟንም የተቋሙንም ስም አልጽፍም። ታሪኳን እንዳካፍል ግን እርሷም ባለቤቷም ፈቅደውልኛል።

ወደ እኔና ወደ ባለቤቴ የመጡት ስለ ሥራ ሊያማክሩን አልነበረም። ስለ ትዳራቸው ነበር።

«መጋቢ፣ ሚስቴ ከሥራ ስትመለስ ሰው ሆና አትመለስም» አለ ባልየው። «ቦርሳዋን ታስቀምጥና ግድግዳ ታያለች። ልጆቹ ሲንጫጩ ትጮህባቸዋለች፣ ከዚያ ደግሞ ታለቅሳለች። ሌሊት ስነቃ ዓይኗ ፈጦ ነው የማገኛት። ምን ሆንሽ ስላት ምንም ትለኛለች። ሌላ ሰው በልቧ ገብቶ ይሆን እስከ ማለት ደርሻለሁ።»

እርሷ አንገቷን ደፍታ ቆየችና «ምን ብዬ ልንገረው? ቢነገር እኮ ያሳፍራል» አለች።

ስትነግረን እውነትም አንድ አንዱ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው። በዕድሜ የሚያንሳት የክፍል ኃላፊ በስብሰባ ላይ ሌሎቹን መምህራን «እርስዎ» እያለ እርሷን «አንቺ» ይላታል። ያወጣችው የፈተና ፕሮግራም ሳይነገራት ተቀይሮ፣ ክፍል ስትገባ ሌላ መምህር ቆሞ ታገኛለች፤ ተማሪዎች ይስቃሉ። መምህራን ክፍል ስትገባ ወሬ ይቆማል። ስትናገር ሁሉም ስልኩ ላይ ያቀረቅራል። ተማሪዎቿን ይዛ ሆስፒታል ስትሄድ የዋርዱ ነርስ በሕሙማን ፊት «እነዚህን ልጆችሽን ሰብስቢልን፣ መተላለፊያ አጣን» ትላታለች። የማስተርስ ዕድል ሲመጣ «እርሷ እንኳ ወላድ ናት፣ አትችለውም» ተብሎ ስሟ ይታለፋል፤ ማንም ትችይ እንደሆነ ብሎ አልጠየቃትም። በስኪል ላብ ካቴተር አገባብ ስታሳይ አንድ ተማሪ «ይሄን እኮ ዩቲዩብ ላይ በደንብ አይተነዋል» ይላል። ከኋላዋ ደግሞ «ጴንጤዋ» የምትል ሹክሹክታ አለች።

ማንም አልሰደባትም። ማንም አልመታትም። ባልየው ሁሉንም ሰምቶ ሲጨርስ «ይሄ ነው?» አለ። ያን ጊዜ ፊቷን ብታዩት ኖሮ ለምን ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም እንዳለች ይገባችሁ ነበር።

ሰምና ወርቅ ያለው ስድብ

የውጭ ምሁራን ለዚህ ዓይነቱ ነገር ስም ለማውጣት ብዙ ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 ሊን አንደርሰንና ክሪስቲን ፒርሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በሥራ ቦታ የሚታየውን አለመከባበር ሲተነትኑ፣ መለያው ጥቃቱ ቀላል መምሰሉና የአድራጊው ሐሳብ በግልጽ አለመታወቁ ነው አሉ። ሊጎዳኝ ብሎ ነው ወይስ ሳያስተውል? ተጎጂው ይህን ሲያሰላስል ያድራል።

እኛ የጎንደር ሰዎች ይህን ለመረዳት መጽሐፍ መግለጥ አያሻንም። የቅኔ አገር ልጆች ነን። አሽሙር ማለት ሰምና ወርቅ ያለው ስድብ ነው፤ ወርቁ ይወጋል፣ ተወጋሁ ስትል ተናጋሪው ሰሙን ያሳይሃል። «ምን አልኩ? ልጅ አሳዳጊ ናት፣ ትረፍ ብዬ እኮ ነው!» ይልሃል። ከዚያም ነገረኛው አንተ ትሆናለህ። በዚያ ላይ ግልምጫ አለ፣ ኩርፊያ አለ፣ ማሸማቀቅ አለ፣ ማሳጣት አለ፣ ሰው እያለ እንደሌለ መቁጠር አለ። ቋንቋችን ለእያንዳንዱ ስም አለው። መድኃኒቱ ብለን የያዝነው ግን አንድ ነው፦ «ሆድ ይፍጀው»።

ሆድም ይፈጀዋል፤ ከዚያ ሆድም ይፈጃል።

አካል የሚከፍለው

ሰው ሲናቅ ወይም ሲሸማቀቅ አካሉ አደጋ እንደመጣበት ይቆጥረዋል። ከኩላሊት በላይ ያሉት ትንንሽ ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ይለቃሉ፤ ልብ በኃይል ይመታል፣ የደም ግፊት ከፍ ይላል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ የምግብ መፈጨት ይዛባል። ጅብ ቢያባርረን ይህ ሁሉ ያድነናል፤ ጅቡም ሲሄድ አካል ይረጋጋል። ነገ ጠዋትም ከነገ ወዲያም ወደዚያው ቢሮ የሚመለስ ሰው ግን ገና ጫማውን ሲያስር ልቡ መምታት ይጀምራል። እንቅልፍ ይሸሻል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ በማግሥቱ ለትንሹ ነገር ይቆጣል፣ ያለቅሳል፣ ይረሳል።

የእኅታችን ታሪክ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ የጤና ባለሙያ በሆኑ ቤተሰቦች ዘንድ ደጋግሜ ያየሁት ነውና። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ራሷን ይፈልጣት ነበር። ነርስ ስለሆነች ማንንም ሳታማክር አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ትውጣለች፤ ብዙ ጊዜ ምሳ ሳትበላ፣ ምክንያቱም ምሳ ሰዓት ከባልደረቦቿ ጋር መቀመጥ አትፈልግም። እነዚህ ማስታገሻዎች የጨጓራን ግድግዳ ይጎዳሉ። ጨጓራዋ ሲነሣባት የአሲድ መድኃኒት ትጨምራለች። ራስ ምታቱ ከውጥረቱ፣ የጨጓራው ሕመም ከክኒኑና ካለመብላቱ፣ ሁሉም ተያይዞ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ጨጓራ ከንዴት ነው» የሚለው የአገራችን አባባል ሙሉ እውነት አይደለም። የጨጓራ ቁስለት በአብዛኛው የሚመጣው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ከሚባል ባክቴሪያና ከሕመም ማስታገሻ ክኒኖች ነው፤ ባክቴሪያውን ያገኙት ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች፣ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ውጥረት ሕመሙን ያባብሰዋል፣ ስሜቱን ያከብደዋል። ስለዚህ «ከንዴት ነው» ብሎ መመርመርን መተው አይገባም። ግፊትም እንዲሁ ነው፤ አንድ ቀን ተናድዶ የተለካ ሰው 140/90 ስላለፈ ብቻ የግፊት በሽተኛ አይባልም፤ አምስት ደቂቃ ዐርፎ፣ በተለያየ ቀን ደጋግሞ መለካት አለበት። እኅታችን ይህን ለተማሪዎቿ በየዓመቱ ታስተምራለች። የራሷን ግፊት ግን በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ አላስለካችም ነበር።

የእርሷ ብቻ አይደለም

አሜሪካዊቷ የነርስ ትምህርት ተመራማሪ ሱዛን ሉፓረል በተማሪዎች ክብር የተነፈጉ 21 ነርስ መምህራንን አነጋግራ እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመችው ጥናት የእኛኑ ሰው ታሪክ ይመስላል፦ እንቅልፍ ማጣት፣ በራስ መተማመን መውደቅ፣ አንዳንዶቹም ማስተማርን ጨርሶ መተው። ሲንቲያ ክላርክ የምትባል ሌላ ምሁር ከባልደረቦቿ ጋር በ40 የአሜሪካ ግዛቶች 588 ነርስ መምህራንን ጠይቃ እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤቱን አወጣች። መምህራኑ ከሁሉ የከፋ ያሉት ባልደረባን ሆን ብሎ እንዲወድቅ ማመቻቸትን ነው። ዘወትር የሚያጋጥማቸው ደግሞ የሥራ ድርሻን አለመወጣት፣ በስብሰባ ላይ በስልክ መጠመድና ስለ ሥራ አለመነጋገር ነበር። ለምን ፊት ለፊት አትናገሩም ሲባሉ የሰጡት ምክንያት በቀልን መፍራት፣ የአለቃ ድጋፍ ማጣትና ግልጽ ደንብ አለመኖር ነው። ባሕር ተሻግሮ ያለው ሰው የእኛኑ ቋንቋ የሚናገር አይመስልም?

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ በጎንደር ከተማ የጤና ባለሙያዎች ላይ የተደረገ ጥናት ከ100 ወደ 58 የሚሆኑት በሥራ ቦታቸው ጥቃት እንደ ደረሰባቸው አሳይቷል። ከሁሉ የበዛው የቃል ጥቃት ነው። ይህ ከሕሙማንና ከአስታማሚ የሚመጣውንም ይጨምራል እንጂ የመምህራንን ጉዳይ ለይቶ አይናገርም። ቢሆንም መምህሯ ተማሪዎቿን ይዛ የምትገባው ወደዚህ ዓይነቱ ዋርድ ነው። ሁለት ቤት አላት፤ በኮሌጁ መምህር፣ በሆስፒታሉ እንግዳ። የትኛውም ቤት ሙሉ በሙሉ የእኔ ናት አይላትም።

ሙያው ራሱ ከአመጣጡ የማዕረግ ነገር የበዛበት ነው። «ሲስተር» የሚለው መጠሪያ ከገዳም እኅቶች የመጣ ነው፤ ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1860 ለንደን ላይ ያስጀመረችው ትምህርት ቤትም በጥብቅ ሥነ ሥርዓት የታወቀ ነበር። ታዛዥነት ሕይወት አድኗል፤ ግን ታናሽን ማስጨነቅ እንደ ማስተማሪያ መንገድ ተቆጥሮ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1986 ጁዲት ማይስነር የተባለች አሜሪካዊት ነርስ በአንድ መጽሔት ላይ፣ ነርሶች የገዛ ታናናሾቻቸውን እየበሉ እንደሆነ ጠይቃ ብዙዎችን አስደንግጣ ነበር። በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ1954 ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኮንኖችና የማኅበረሰብ ነርሶች አብረው መሠልጠን ከጀመሩ ወዲህ ብዙ ትውልድ አልፏል። «እኛም እንዲህ ሆነን ነው የተማርነው» የሚል ቃል ግን ዛሬም ይሰማል።

በዚህ ሁሉ ላይ የአካባቢያችንን ጊዜ ጨምሩበት። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ደብረ ታቦር ድረስ ደርሶ ከባድ መሣሪያ ከተማዋ ላይ ወድቋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገብቷል። ኑሮው ተወዷል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ለቅሶው በዝቷል። የከፋው ሰው በቅርብ ባገኘው ላይ ይወጣዋል። የምትገላምጠዋ ባልደረባ ማታ ምን ተሸክማ እንደምታድር አናውቅም።

ቁጣ ሁሉ ግን ንቀት አይደለም። በንጹሕ ጓንት ያልጸዳ ዕቃ ነክቶ ወደ ቁስል የሚሄድን ተማሪ «ቁም!» ብላ የምታስቆም መምህርት ሥራዋን ነው የሠራችው። ተማሪውን ከሕመምተኛው አልጋ ፊት «ድሮም አንተ ደደብ ነህ» ካለችው ግን ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ሕመምተኛውን ይጠብቃል፣ ሁለተኛው ሕመምተኛውን ጭምር ይጎዳል። ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም፤ በእስራኤል አሪዬ ሪስኪንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት 24 የጨቅላ ሕፃናት ሕክምና ቡድኖች የታመመ ሕፃን በሚመስል አሻንጉሊት ላይ እንዲሠሩ ተደረገ። ከፊሎቹ ሥራቸውን ከሚከታተል እንግዳ ባለሙያ የሚያናንቅ አስተያየት ሰሙ። የሰሙት ቡድኖች በሽታውን በመለየትም በእጅ ሥራም ካልሰሙት ወደ ኋላ ቀሩ፤ እርስ በርስ መረጃ መለዋወጥና እርዳታ መጠየቅም ቀነሱ። ሕፃኑ እውነተኛ ቢሆን ኖሮስ?

«ታገሺ»

እኅታችን በኅብረቷ ውስጥ ለሁለት ሰዎች ጉዳዩን ጠቆም አድርጋ ነበር። አንደኛዋ «ታገሺ፣ ስለ ስሙ መነቀፍ በረከት ነው» አለቻት። ሌላዋ የጸሎት ርእስ አድርጋ ያዘችላት። ጸሎቱን አልነቅፍም። ነገር ግን በሥራ ቦታ የሚገጥመንን ሁሉ ስደት ማለት ልክ አይመስለኝም። «ጴንጤዋ» መባሏ ስለ እምነቷ ነው እንበል፤ ፕሮግራሟ ሳይነገራት መቀየሩ ግን የአሠራር ብልሽት ነው፤ የኦርቶዶክስ ባልደረባዋም ላይ ደርሷል። ስደት ካልነው እንቀበለዋለን፤ የአሠራር ብልሽት ካልነው እናስተካክለዋለን። ደግሞስ የእኛ ሰዎች በየቢሮው የራሳቸውን ወገን ብቻ እየመረጡ ሰላም ሲሉ፣ ሌላውን እንደ ጠፋ በግ ሲያዩት፣ ያስ ግልምጫ አይደለምን?

ስለ ሐና አስቡ። በመጽሐፈ ሳሙኤል መጀመሪያ ላይ ያለችው ሐና በየዓመቱ በጣውንቷ በፍናና የምትናደደው በዱላ አይደለም፤ በቃል ነው። ውጤቱ ግን አካሏ ላይ ታየ፤ አለቀሰች፣ መብላት ተወች። ካህኑ ዔሊ ሲያያት ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። ምልክቱን አየ፣ መንሥኤውን ሳተ። ባሏ ሕልቃናስ? ይወድዳታል፣ ያዝንላታል፤ ያቀረበላት ማጽናኛ ግን እርሱ ራሱ ከብዙ ልጆች እንደሚሻላት ማስታወስ ነበር። ደግ ባል ነው። ነገር ግን ስለ ፍናና ሲጠይቃት አንነብም። ወንድሞች፣ ሚስታችሁ ከሥራ ተኮራምታ ስትገባ «እኔ አለሁልሽ አይደል?» ማለት መልካም ነው፤ «ዛሬ ማን ምን አለሽ?» ብሎ እስኪያልቅ መስማት ግን ሌላ ነው።

የእኛ ባልና ሚስት የጀመሩት ከዚህ ነው። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ እርሷ ትናገራለች፣ እርሱ ይሰማል፤ ምክርም ጥቅስም አይሰጥም። ይህ ለእርሱ ከባድ ነበር፤ «ሄጄ ላናግረው እንዴ?» እያለ ሦስት ጊዜ ተነሥቷል። ሁለተኛ፣ የሆነውን ቀኑንና ቦታውን ይዛ በደብተር መጻፍ ጀመረች። ስትጽፈው የሚደጋገመው ከአላፊው ተለየ። የተማሪው የዩቲዩብ ቀልድ አንድ ቀን የሆነ ነው፤ የፕሮግራሙ መቀየር ግን በአንድ ወሰነ ትምህርት አራት ጊዜ ሆኗል። ሦስተኛ፣ ተመረመረች። ባክቴሪያው ተገኘባት፣ መድኃኒቱን ጨረሰች፣ ማስታገሻ ክኒኑን አቆመች። ግፊቷ ተደጋግሞ ተለክቶ ደህና ሆነ።

ከዚያ ኃላፊውን ለብቻው አነጋገረችው። ቅሬታን መጀመሪያ ሁለት ሆኖ መነጋገር ከማቴዎስ ወንጌል የተማርነው ነው። እነ ክላርክም ለነርሶች የሚያስተምሩት የንግግር መንገድ ከዚህ አይርቅም፦ የሆነውን ያለ ስድብ መናገር፣ ያስከተለውን መግለጽ፣ የምትፈልጊውን መጠየቅ፣ ቢሆን የሚገኘውን ጥቅም ማሳየት። እኛ ቤት ሆና ተለማመደችው። ያለችው እንዲህ ነው፦ «በዚህ ወሰነ ትምህርት አራት ጊዜ ፕሮግራሜ ሳይነገረኝ ተቀይሯል። ተማሪዎቹ ፊት አፍሬአለሁ፣ የተዘጋጀሁበትም ጊዜ ባክኗል። ከአሁን በኋላ ለውጥ ሲኖር በጽሑፍ ከአንድ ቀን በፊት ይድረሰኝ። እንዲህ ከሆነ ተማሪዎቹም አይጉላሉም።» እርሱም ይቀየማታል ብላ እየፈራች «ደግሞ እንደ ሌሎቹ መምህራን ቢጠሩኝ ደስ ይለኛል» ብላ ጨመረች።

ሁሉም አልተስተካከለም። ስለ ፕሮግራሙ ይቅርታ ጠየቃት፣ ለውጥ በወረቀት መለጠፍ ተጀመረ፤ ይህም ለሌሎቹ መምህራን ጠቀመ። «እርስዎ» ግን አልመጣችም፤ «አንቺ»ም ቀርታ በስሟ ብቻ ይጠራታል። መምህራን ክፍል ውስጥ ሁለቱ አሁንም ያኮርፏታል። ከዋርዱ ነርስ ጋር ግን ነገሩ ተለወጠ፤ ተማሪዎቹን ከማስገባቷ በፊት ብቻዋን ቀድማ ገብታ ሰላም ትላታለች፣ ዛሬ ስንት ሕመምተኛ እንዳለ፣ የት ቢቆሙ እንደሚመች ትጠይቃታለች። ነርሷም በአንድ ፈረቃ የብዙ ሰው ሥራ ብቻዋን እንደምትሠራ የነገረቻት ያኔ ነው። አሁን ተማሪዎቹ መጀመሪያ የአልጋ ልብስ በመቀየር ያግዟታል።

የማስተርስ ዕድል ዘንድሮም መጥቷል። በዚህ ጊዜ ራሷ አመልክታለች፤ ውጤቱ ገና አልወጣም። ባለቤቷ ልጆቹን ማን እንደሚይዝ ከአሁኑ ተነጋግሮ ጨርሷል። እናቷ መኸሩ እንደ ገባ ከእብናት መጥተው እንደሚከርሙላቸው ነግረውታል።